ስድስት መስመር ቁጥር

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ከሆስፒታል ይዛ ከወጣች ሁለት ወር ሆኗታል። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩት ሰው ስትሮክ አንደበታቸውን ይዞባቸው፣ ከአፋቸው የሚወጣው “እሺ” እና “እንጃ” ብቻ ነው፤ እሱም አንዱ በሌላው ቦታ። ግራ እጃቸው ግን ይታዘዛል።

ዓርብ ጠዋት የልኬት ደብተሯን ሳብ አድርገው 193939 ብለው ጻፉ።

“ምንድን ነው አባባ? የሰው ስልክ ነው?”

“እንጃ” አሉ፣ በአዎንታ እየነቀነቁ።

ለስልክ ያንሳል። የጡረታ መታወቂያቸውን አገላብጣ አየች፤ እዚያም የለም። ቅዳሜ 939391፣ እሁድ 393919 ጻፉ። ያው ቁጥር ይመስላል፣ ያው ግን አይደለም። እሷም ግራ ከመጋባቷ የተነሳ የደንበኛ ወገብ 93 ለክታ 39 ብላ ጻፈች።

እሁድ ከሰዓት ታላቅ ወንድሟ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ደብተሩን አገላብጦ አየ።

“እቱ፣ የአባባ ነገር አበቃ። አንድ ቁጥር እንኳ ሁለቴ አስተካክለው መጻፍ አቃታቸው። መጦሪያ ቤቱ አልጋ ተገኝቷል ብሏል። ሐሙስ እንወስዳቸዋለን።”

አባቷ ግን በየጠዋቱ አንድ መስመር መጨመር አላቆሙም።

ረቡዕ የሐኪም ማዘዣውን ደብተሩ ውስጥ አድርጋ ፋርማሲ ሄደች። ፋርማሲስቷ የአባቷ ተማሪ ነበረች። ስድስቱን መስመሮች ስታይ ማዘዣውን ረሳችው።

“መምህር ናቸው የጻፉት?”

“ምን ያድርጉ፣ ተምታቶባቸው ነው።”

“አልተምታታባቸውም። የፊቱን አኃዝ አንሥተሽ ኋላ አድርጊው፤ ቀጣዩ መስመር ይመጣል።” ኮምፒውተሯ ላይ አንድ በአንድ አስገባቻቸው። “ስድስቱም ፕራይም ናቸው። ከአንድና ከራሳቸው በቀር በምንም እኩል አይካፈሉም። እንዲህ ሲሽከረከር ፕራይምነቱን የማይለቅ ቁጥር በጣም ጥቂት ነው።”

“እና ምን ሊሉኝ ፈልገው ነው?”

“እሱን እኔም አላውቅም።”

ቤት ስትገባ ጭራሽ ዞረባት። ሆን ብላ 193938 ጻፈችና ደብተሩን አስጠጋችላቸው። አባቷ ቅር ብሏቸው ሰረዙት፤ አጠገቡም 2 ብለው ጻፉ። በሁለት ይካፈላላ። ወዲያው ወንድሟ ጋ ደወለች።

“ነገ እንዳትመጣ። አባባ ያስባሉ።”

“ምን ያስባሉ?”

“አልገባኝም። ግን ያስባሉ።”

እሱ ግን ሐሙስ መጣ። ነገሩን ሰምቶ አላመነም፤ እርሳስ አንሥቶ 193939ን በሰባት አካፈለ፤ አራት ተረፈ። በአሥራ አንድ፤ ዘጠኝ ተረፈ። በአሥራ ሦስት ሲያካፍል መሐል ላይ ተሳሳተ። አባቱ እጁን ያዙና ስህተቱ ላይ አቆሙት።

“እሺ” አሉት።

አርሞ ሲጨርስ አምስት ተረፈው። መጦሪያ ቤቱ ሲደውል “ዛሬ አንመጣም” አለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት እህቱን ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች። ስልኩን ዘግቶ በአሥራ ሰባት ማካፈል ጀመረ።