ከግድቡ ሥር የወጣው ውሃ

ከተማዋ በአሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ ስትሆን ግድቧ እንደ ልጅነት ጫማ ጠበባት። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ ካለ ተመስገን ነው፤ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ሲጠብቅ ኖረ። በመጨረሻ ግንቡ በአራት ሜትር ከፍ እንዲል ተወሰነና ሥራው ለአንዲት ዝምተኛ መሐንዲስ ተሰጠ። ሁለት ዓመት ተኩል ለፋችበት። ግንቡ እንዳለቀ ዝናቡም አልሰሰተም፤ ሐይቁ አሮጌውን ልክ አልፎ አዲሱን ግንብ መንካት ጀመረ።

አንድ ቀን ጠዋት የግድቡ ጠባቂ፣ እንቅልፍ አያውቅም ተብሎ «አይተኜ» የሚባለው ሽማግሌ፣ ቆቡን ጨብጦ ቢሮዋ በር ላይ ቆመ።

«ኢንጂነር፣ ነገሩ አላማረኝም። በግራ በኩል ከግንቡ ሥር ውሃ እየወጣ ነው።»

«ትናንትስ ነበር?»

«ኧረ ትናንት ደረቅ መሬት ነበር!»

እየሮጠች ወረደች። ሳሩ ርሷል፤ ከሥሩ ጣት የሚያህል ውሃ ኩልል ይላል። ባልዲ ደቅና በሰዓቷ ለካችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስትደግመው ባልዲው ከበፊቱ ፈጥኖ ሞላ። ውሃ አንዴ ግንብ ውስጥ ቀዳዳ ካገኘ እያሰፋው እንደሚሄድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከግድቡ ቁልቁል ያለው ሰፈር ደግሞ የተወለደችበት ነው፤ እናቷ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ።

«የታችኛውን የውሃ ማስወጫ በር ክፈቱት» አለች። «ሐይቁ ከዚህ በላይ እንዳይሞላ። የሰፈሩም ሰው ወደ ዳገቱ ይውጣ።»

የከተማዋ ውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲሰማ በመኪና እየከነፈ መጣ።

«አብደሻል? ሰው በጥም እያለቀ ያን ሁሉ ውሃ ልትደፊው ነው? የበላይ አካልን ምን ልበለው?»

«ፈራች ይበሉ። እውነትም ፈርቻለሁ። ውሃ ነገም ይዘንባል፤ ሰው ግን አይዘንብም።»

በሩ ተከፈተ። እሷም እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ አሁኑኑ ወደ ዳገቱ ውጪ።»

«ልብስ ዘፍዝፌ የት እሄዳለሁ? ግድብሽን ካላመንሽው ለምን ሠራሽው?»

«እማዬ፣ በሞቴ!»

«እሺ በቃ፣ ጫማዬን ላድርግ።»

እኩለ ቀን ላይ ሠራተኞቹ ውሃው የሚወጣበትን ቦታ ሲቆፍሩ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። መሐንዲሷ ላብ ቢያስቸግራት ከጉድጓዱ ውሃ አፍሳ ፊቷን ታጠበች። ታጥባም እንደ ሐውልት ቀጥ አለች። መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያሽትቱልኝ።»

አይተኜ አሸተተ። «የቧንቧ ውሃ ነው የሚሸተው።»

«የሐይቅ ውሃ ክሎሪን ከየት ያመጣል?»

የውሃ ማጣሪያው ባለሙያ ተጠርቶ መጣና ናሙናው ላይ መመርመሪያ ጠብታ ጨመረ። ውሃው ሮዝ ሆነ፤ ክሎሪን ነበረው። ከማጣሪያው ወደ ሠራተኞች መኖሪያ የሚሄድ ቱቦ በዚያ በኩል ተቀብሯል፤ በግንባታው ጊዜ አፈር ያመላለሱት ከባድ መኪናዎች ረግጠው ረግጠው አዳክመውት ኖሮ ሌሊቱን ተሰንጥቋል። ቱቦውን ዘጉት። ከዚያ ሁሉም የታመመ ሰው እንደሚጠብቅ ዘመድ ጉድጓዱን ከበው ቆሙ። ጣት ያህል የነበረው ውሃ ክር አከለ፤ ክሩ ጠብ ጠብ ወደ ማለት ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ቆመ።

«ደረቀ!» አለ አይተኜ። «በእናቴ ደረቀ!»

መሐንዲሷ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ይቅር በይኝ። እኔ ብሆን በሩን አላስከፍትም ነበር።»

«እኔም ያስከፈትኩት እየፈራሁ ነው።»

«አሁንስ ይዘጋ?»

«ነገ ጠዋት። ደረቅ ሆኖ ካደረ።»

ስልኳን አንስታ፣ «እማዬ፣ ተመለሺ፤ ቱቦ ነው» አለች።

«ለቱቦ ነው ይህን ዳገት ያስወጣሽኝ?» ተቆጡ እናት። ቀጥለው ድምፃቸው ለሰለሰ። «ይሁን፣ እንኳን ቱቦ ሆነ። ለመሆኑ እህል ቀምሰሻል?»

አልቀመሰችም። አይተኜ ከኮቱ ኪስ ብስኩት አውጥቶ ትልቁን ግማሽ ሰጣት።

በማግስቱ መሬቱ ደረቅ ሆኖ አደረ፤ በሩም ተዘጋ። በሦስተኛው ሳምንት ሐይቁ እስከ አዲሱ ግንብ ልክ ሞላ፤ ከግድቡ ሥርም ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ያን ቅዳሜ መሐንዲሷ ስልኳን አጥፍታ እስከ እኩለ ቀን ተኛች።