ጉድጓዱ እስኪናፈስ

ልጁ ዓሪፍ «የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርቼ እንጀራ እበላለሁ» ያለ ቀን፣ የአባቱ የጀብሪል ሳቅ እስከ ጎረቤት ተሰምቷል። «ተጫውቶ የጠገበ ማን አለ? በሬ እንኳ ተጠምዶ ነው የሚበላ!» አሉት። አይፈረድባቸውም። ልጁ ወልድያ ኮምፒውተር ተምሮ መጥቶ፣ መርሳ ላይ ስልክ እየጠገነ የሚያገኛትን ሁሉ ላንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይገብራል። አንዲት ወፍ ክንፏን እንድታራግብ ሳምንታት ይለፋል፤ መብራት ድርግም ብሎ ሥራው ሲጠፋበት ደግሞ እንደገና ከክንፏ ይጀምራል።

ጨዋታው የማሽላ ጥበቃ ነበር። ተጫዋቹ ማሳው መሐል ማማ ላይ ቆሞ፣ ወንጭፍ እያጮኸ የወፍ መንጋ ያባርራል። ወፎቹ ካሸነፉት ቤተሰቡ ይራባል። ዓሪፍ ማማው ላይ የሚጮኸው ሰው ድምፅ ቢቸግረው አባቱን ለመነ። ጀብሪል ጥቂት ተግደረደሩና፣ በስልኩ ሲቀርጻቸው «ሃሃይ! ሂጅ አንች ወፍ!» ብለው መንደሩን አናወጡት። ከዚያ ወዲያ ሳቁ ቀረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ እኔን ክፈትልኝ» ማለት አመጡ። እናቱ መሪማ «ሽማግሌው ጃጁ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት የናሙናውን ፎቶዎች ብቻ አይቶ «ጨርሰህ አምጣው፤ ሥራው ያንተ ነው» ያለው በዚያው ክረምት ነው። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። መብራትም ኔትወርክም ጠፋ፤ የመርሳ ወጣት እግሬ አውጭኝ እያለ ወደ ደሴ ነጎደ። ላፕቶፕ ያዘለ ወጣት ደግሞ በየፍተሻው ሰላይ መባሉ አይቀርም።

«ከቤታችን የምትታመነው ቦታ እሷ ናት» አሉ ጀብሪል፣ በረቱ ውስጥ ያለችውን የእህል ጉድጓድ እያሳዩ። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ቆላ ማሽላ የሚቀመጠው ከመሬት በታች ነው። አፉ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ከብት ከላዩ ይተኛበታል። ዓሪፍ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ማሽላ እንደሚሞቅና እንደሚያልበው ያውቃል፤ የገበሬ ልጅ ነው። ግን ተኩሱ እየቀረበ ማን ያስባል? ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ማሽላው ውስጥ ቀበረው።

«አባየ፣ ጉድጓዱን እኔ እስክመጣ እንዳይከፍቱት። ሕይወቴ እዚህ ውስጥ ናት።»

«አብሽር» አሉ ጀብሪል። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። እኔ ግን ቃሌንም ልጄንም አላጠፋም። ሂድ፣ አላህ ይጠብቅህ።»

ዓሪፍ የጨዋታው ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ካልሲው ውስጥ ደብቆ ነበር። ውርጌሳ ሳይደርስ ፍተሻ ከሩቅ ሲያይ ደንግጦ ገደል ሰደደው። አባቱን የቀረጸበትን ስልክም እዚያው ፍተሻ ላይ ተቀማ። ላፕቶፑ አለ ብሎ ራሱን አጽናና።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ተመለሰ። ድርጅቱ አሁንም እንደሚጠብቀው በሰው ስልክ ነግሮታልና፣ መንገዱን ሁሉ ደስታውን ለአባቱ እንዴት እንደሚያበስር ሲያሰላስል ነበር የመጣው። በሩ ላይ የቆሙት ግን መሪማ ብቻ ናቸው፤ ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል።

«አባየስ?»

«አኼራ ሄዱ፣ የኔ ዓለም።»

አለቀሰ። ልቡ እስኪወልቅ አለቀሰ። መሪማ ሲበርድለት ጠብቀው ነገሩን ነገሩት። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ጎታውን ሙልጭ አድርገው ወሰዱት። የማሳው ማሽላ ሳይታጨድ ቀረ። የተረፈ እህል ቢኖር የጉድጓዱ ብቻ ነበር።

«አንዲት ቁና እናውጣ ብየ ለመንኋቸው» አሉ። «‹ከተከፈተች ሽታዋ ይጠራቸዋል፤ የልጁን ነገር ይወስዱበታል› አሉኝ። ‹ቃል ሰጥቻለሁ› አሉ። ጎመን ቀቅለን በላን። ኋላ ወባው ሲመጣ ሰውነት የለ፣ መድኃኒት የለ። ከሞቱም በኋላ አደራቸው ነው ብየ አልነካኋትም፤ ያለው ጎረቤት አበላኝ።»

ዓሪፍ ተራቡ አላለም። ለላፕቶፑ ብሎ ነው። ግን እንዳይከፍቱት ብሏል፤ የጀብሪል ቃል ደግሞ ስንጥቅ አልነበረውም።

ጉድጓዱን አብረው ከፈቱት። የታመቀው ትኩስ ሽታ ፊታቸውን ገረፈው። ታፍኖ የከረመ ጉድጓድ የገባበትን ሰው ይገድላልና፣ እንደ ደንቡ እስኪናፈስ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ዓሪፍ ገብቶ ላፕቶፑን ይዞ ወጣ። ፌስታሉ ውኃ አቁሯል። የላፕቶፑ ሆድ አብጦ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ዝጓል። ያ ሁሉ የሰው ስልክ ያለፈበት እጁ ገና ሲዳስሰው ነገሩን ተረዳው። የሚድን አይደለም።

ሥራው ይቅር። ጨዋታውንም ቢሆን እንደገና ይሠራዋል፤ ከወፏ ክንፍ መጀመር ለምዷል። ያችን «ሃሃይ» ግን ከየት ያመጣታል?

መሪማ ከጎኑ ተቀመጡ። ዓይናቸው በርቷል።

«ሊሞቱ ሲሉ ‹አታልቅሽ፣ ድምፄ ጉድጓድ ውስጥ አለች፤ ዓሪፍ ሲመጣ ያሰማሻል› ብለውኛል። እሷን ተስፋ አድርጌ ነው የቆየሁት። በል ክፈትልኝ።»

ዓሪፍ ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለ። ደግሞ ተጫነ። መሪማ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ጥቁሩ መስታወት አስጠጉ። እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ግን ማብሪያውን ተጫነ።

መሪማ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አትቸኩል፣ የኔ ዓለም። ገና አሁን ከጉድጓድ መውጣቷ ነው። ትናፈስ።»

ቁጭ ብለው ጠበቁ።