በማሽኗ ድምፅ

ልጅቷ፣ በጆሮ ማዳመጫዋ የምትሰማት ሴት እናቷ መሆኗን ያወቀችው በሳሏ ነው። እናቷ እንባ ሲተናነቃት ሁልጊዜ ቀድማ ትስላለች፤ ጉንፋን እንዲመስልላት።

ደንቡ ግልጽ ነበር፤ የሚያውቁት ሰው ከደወለ ማዳመጫውን አውልቆ አለቃውን መጥራት። አለቃዋ ከመስታወት ግድግዳው ወዲያ ተቀምጧል። አልጠራችውም።

ሥራዋ ሐዘንተኞችን የምታጽናናዋን ማሽን መከታተል ነው። ሐዘን የከበደው ሰው ሲደውል ማሽኗ ታነጋግረዋለች፤ ከተሳሳተች ልጅቷ ቁልፍ ተጭና ትተካታለች። ንግግሯ ለደዋዩ የሚደርሰው በማሽኗ ድምፅ ተለውጦ ስለሆነ መተካቷን ማንም አያውቅም። ማሽኗ ደግሞ ከሠራተኞቹ ሁሉ ብዙ የተማረችው ከእሷ ነው፤ መቼ ዝም እንደሚባል ሳይቀር። ልጅቷ በማታውቀው ሰው ሐዘን ስለምታለቅስ ባልደረቦቿ «ጠብታ» ብለው ስም አውጥተውላታል። አጠገቧ የምትቀመጠው ባልደረባዋ፣ አንድ ቀን ይሄን ኪቦርድ ታበሰብሺዋለሽ እያለች ትቀልድባታለች።

ቤት ግን ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እናቷ ስሙን ጠርታ አታውቅም። ልጅቷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ እሱ አብረው ማውራት። ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እማ ይውጣልሽ፣ አልቅሺ እያለች ትለምናታለች። እናቷ ተነስታ ሳህን ታጥባለች።

አሁን ያቺው እናቷ ለማሽኗ እያወራች ነው። ሕመሙ የጀመረው ዕለት ወንድሟ በር ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት እንዴት በራሱ እንደሳቀ ነገረቻት። ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም። ከዚያ እናቷ ዝም አለች፤ ማሽኗም አብራት ዝም አለች። ልጅቷ አልቻለችም። ቁልፉን ተጫነች።

«አይዞዎት፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለች።

«ቅድም ጥሩ ነበርሽ» አለች እናቷ። «አሁን ልክ ልጄን ሆንሽ። እሷም እንዲህ ናት፤ ፊቴን እያየች እንባዬን ትጠብቃለች። እኔ ካለቀስኩ እሷን ማን ይይዛታል?»

«እማ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ብትለው የሚወጣው በማሽኗ ድምፅ ነው። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

«ይቅርታ፤ ቸኮልኩ። እየሰማሁዎት ነው» አለች ማሽኗ።

«ወንድሟ መጨረሻ ላይ ሲጠራ የነበረው እሷን ነው። ደወልኩላት። ሥራ ላይ ስልካቸውን አስጠፍተው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባቸዋል፤ የሰው ሐዘን እያዳመጠች ነበር። ይህን እንድታውቅ አልፈልግም። ስሙን ከጠራሁ ይህም አብሮ ያመልጠኛል።»

ማሽኗ ምንም አላለችም። ከልጅቷ በተማረችው ልክ፣ በሚገባው ቦታ፣ ዝም አለች። አለቃው በጀርባዋ ሲያልፍ አይኖቿን አይቶ፣ ጠብታ ዛሬም ጀመረሽ ብሎ ሳቀ። ስክሪኑ ላይ ጥሪው አረንጓዴ ሆኖ ተመዘገበ፤ እርማት የማያስፈልገው ማለት ነው።

ማታ ስልኳን ከሣጥኑ አውጥታ እንደከፈተችው ጠራ።

«ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ» አለች እናቷ፣ በዘወትር ድምፅዋ።

ልጅቷ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ቃል አልወጣትም። ሰዎች እየገፏት ወደ መውጫው ያልፋሉ፤ እሷ የተከፈተውን ሣጥን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች።

«ምነው?» አለች እናቷ።

ከዚያ እሷም ምንም አልጨመረች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።