እንኳንም ስቱኮው አለቀ

እናቲቱ ግንባሯን የተሰፋችው በገዛ ወጥ ቤቷ፣ ሟቹ ባሏ በሠራው የግድግዳ ቁም ሳጥን ምክንያት ነው። የላይኛውን መዝጊያ ከፍታ ዞር አለች። ስትመለስ ቡናማው መዝጊያ ከቡናማው ሳጥን ጋር ተመሳሰለባትና ጠርዙ ግንባሯን ተቀበለው። ሦስት ስፌት።

«ከዚህ በኋላ ምን እንጠብቃለን?» አለ ትልቁ ልጇ በማግስቱ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲናገርም መንገዱ ላይ ሰው እንዲቆምበት አይወድም። «ወደ እኔ ቤት ትመጣለች። አለቀ።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ልብስ ሰቅለህ ልታደርቀኝ?» አለች እናቱ።

«እማዬ፣ ቀልድ አይደለም። ዓይንሽ እኮ...»

«ዓይኔ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት። የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ እየለቀመች ትኖራለች እንጂ ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታትላ መናገር ይጨንቃታል። የዓይን ሐኪሙ ያለውን ግን ቃል በቃል ይዛዋለች፦ «ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ነጩን ከጥቁሩ ይለያሉ። ቡናማን ከቡናማ እንዲለዩ ግን አትጠብቁ።»

«ጋሼ፣» አለች፣ «እስከ ቅዳሜ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ቁም ሳጥኑን ልቀባው።»

«ቀለም ዓይን ያበራል እንዴ?»

ፊቷ ቀላ። «ቅዳሜ ምንም ነገር ሳይገጫት ሻይ አፍልታ ካቀረበችልህ እዚሁ ትኖራለች። ካልቻለች ሻንጣዋን እኔው ተሸክሜ አወርድልሃለሁ።»

ወንድሟ እናቱን አየ፣ ስፌቱን አየ። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት። ባዶ ሻንጣ ይዤ ነው የምመጣው።»

ሰኞ ዕለት ፈቃድ ወስዳ ወደ ቀለም ሻጩ ሄደች። ሽማግሌ ነው፤ የሳምንቱ ገበያ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበር ከሸሚዙ ላይ ይነበባል። ለመዝጊያዎቹ ነጭ፣ ለፍሬሙ ደማቅ ሰማያዊ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ትንሽ ቆርቆሮ የስንጥቅ መድፈኛ ስቱኮ ሰጣት።

«ልጄ፣ ላዩ ደረቀ ብለሽ እንዳትታለይ፣» አላት። «የዘይት ቀለም ውስጡ ቶሎ አይደርቅም። ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይደገፍበት።»

መዝጊያዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ እናት የወለደቻቸው መንታዎች ይመስላሉ፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አናጺው አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ግድግዳው ሰክሯል፤ እኔም መዝጊያዎቹን አብሬ አሰከርኳቸው» ይል ነበር። እያንዳንዱን በየክፍተቱ ጥመት ልክ አጋድሎ ቆርጦታል። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ በካቻቢቴ እየፈታች ስታወርድ በእያንዳንዱ ጀርባ፣ ቀለም በማይነካው በኩል፣ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈች። ከአንድ እስከ ዘጠኝ። ከሥሩም አሰመረችበት።

እናቷ ወጥ ቤት እንዳትገባ ተከልክላ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተሰጥቷታል። «ሾርባ ማቅረቢያዬን ብሎን ሞላሽበት አይደል?» ትላለች ከዚያ ሆና። «ድምፁን ሰምቻለሁ።»

ማክሰኞና ረቡዕ ስትፍቅ፣ ስትጠርግና ስትቀባ ዋለች። የፍሬሙን ስንጥቅና ሽርፍራፊ ሁሉ በስቱኮ እየደፈነች መዝጊያዎቹ ጋ ስትደርስ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ። መዝጊያዎቹ ደግሞ ጉድጓድ በጉድጓድ ናቸው፤ አንዱ መሐሉ ሰርጉዷል፣ አንዱ ጠርዙ ተበልቷል። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሱቁ ሮጠች።

«ስቱኮ አለቀ። ሰኞ ነው የሚመጣው።»

«ሰኞማ ምን ያደርግልኛል!» ያልታረመ ጉድጓድ ለእሷ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው። ሻጩ ፊቷን አይቶ አዘነላትና ከመደርደሪያው ሥር ግማሽ ቆርቆሮ ቢጫ አወጣ። «ከሕፃናት ትምህርት ቤት ሥራ የተረፈ ነው። እንኪ፣ በነፃ። ካልጠቀመሽ መልሺው።»

ቢጫውን አንጠልጥላ መንገድ ልትሻገር ስትል ቀጥ ብላ ቆመች። መዝጊያ ሲከፈት የሚታየው ጀርባው አይደል? ጀርባው ቢጫ ከሆነ እማዬ የተከፈተውን ታየዋለች! አንድ ባለ ታክሲ ጡሩምባ እስኪነፋባት ድረስ እዚያው ቆማ ሳቀች። ያን ዕለት የመዝጊያዎቹን ፊት ከነጉድጓዱ ነጭ፣ ዘጠኙንም ጀርባ ደግሞ ቢጫ ሁለት ሁለት እጅ ቀባች። እየቀባች ታንጎራጉር ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን መዝጊያ አነሳችና ቁጥሩን ልታይ ገለበጠችው።

ቢጫ።

ሁለተኛውን ገለበጠች፤ ሦስተኛውን። ሁሉም ቢጫ፣ ንጹሕ፣ አንዲት የእርሳስ ጭረት የሌለባቸው። የሰው ስህተት ስትለቅም የምትኖረው አራሚ የራሷን ጽሑፍ በሁለት እጅ ቀለም ሰርዛዋለች። በሜትር ብትለካ ልዩነታቸው የጥፍር ውፍረት ነው። አንዱን ሞከረች፣ አልገባም። ሌላውን ሞከረች፣ ገብቶ አልዘጋ አለ፤ ስታወጣው ጠርዙ ተላጠ። ካቻቢቴውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ዝርግፍ አለች።

«ምን ሆንሽ?» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያስናፍጥም።»

ነገረቻት። እናቷ፣ «ቀለሙ እጅ ይይዛል?» ብላ ጠየቀች።

«ላዩ ደርቋል።»

«እንግዲያው አንድ በአንድ አምጪና ጭኔ ላይ አስቀምጪልኝ።»

አመጣችላት። እናቷ መዝጊያውን እንደ ሕፃን አቅፋ መዳፏን በቀስታ አሳለፈችበት። አገጯን ወደ ላይ አድርጋለች፤ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው የምታዳምጥ ትመስላለች። መሐል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይቺ ጉልበቴ ናት፣» አለች።

«ምን?»

«የድስቶቹ ናት። ሠላሳ ዓመት ሁለት እጄ ሲሞላ በጉልበቴ ነው የምዘጋት። እዪው፣ ሰርጉዷል። ከምድጃው በስተግራ፣ ታች።»

ልጅቷ ተሸክማ ሄደች። መዝጊያው ቦታው ላይ ቁጭ አለ፤ ሲዘጋም «ጠቅ» አለ።

«ጠቅ አለ!» ብላ ጮኸች።

«ሌላ አምጪ። ይሄ በጥፍር ሲከፈት ጠርዙ የተበላው የስኳሩ ነው። ማን እንደበላው ትነግሪኛለሽ ወይስ እኔ ልንገርሽ?»

«ጋሼ ነው!»

«ሁለታችሁም ናችሁ። አንቺ ግን ከበላሽ በኋላ ትጠርጊው ነበር።»

እንፋሎት ያጎበጠው ከምድጃው በላይ ያለው ሆነ። አባቷ ተናዶ በመዶሻ የመታው የሳህኖቹ ሆነ። «በእኔ አይደለም የተናደደው፣ በግድግዳው ነው፤» አለች እናቷ፣ «በኋላ ሁለታችንንም ይቅርታ ጠየቀን።» አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። ዘጠነኛው ብቻ እምቢ አለ።

«እማዬ፣ ይሄ አይገባም።»

«ገልብጪዋ። በጭንቅላቷ አቁመሻታል።»

ጠቅ።

ልጅቷ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቃ መጣችና እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። ያ ቆርቆሮ ባያልቅ ኖሮ ጉልበቱንም፣ የስኳሩን ጠርዝም፣ የመዶሻውን ምልክትም ደፍና ታለሰልሰው ነበር። ማመስገን ፈለገች፤ ከማን እንደምትጀምር ግን ጠፋት።

«እንኳንም ስቱኮው አለቀ፣» አለች በመጨረሻ።

«ስቱኮ ማነው?» አለች እናቷ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ወንድሟ ባዶውን ሻንጣ ይዞ ገባ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ነጩንና ሰማያዊውን አየ። እናቱ ውሃውን ጥዳለች። እሱም ብርጭቆ ሊያወጣ የላይኛውን መዝጊያ ከፈተና እንደ ልጅነቱ ክፍት ትቶት ዞረ። እህቱ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ራሷን ገታች። ፈተናው ይኸው ነው።

እናቲቱ የስኳር ዕቃውን ይዛ መጣች። አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«ይሄን ቢጫ ማን ነው የከፈተው?» አለች። «አንተ ነህ አይደል? እዚያ አራተኛ ፎቅ በር የሚባል ነገር የለም?» በክርኗ ዘጋችው። ሻዩን ቀዳች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

ወንድየው ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ቢጫው ተርፏል?»

«ለምን?»

«የእኔ ቤት ደረጃ ጨለማ ነው። ልትጠይቀኝ ስትመጣ...» ባዶውን ሻንጣ በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ። «ትመጣለች እንጂ፤ ለጥየቃ።»

«እመጣለሁ፣» አለች እናቱ። «ሻንጣውን ግን ባዶ አትመልሰው፤ ነውር ነው። የማልጠቀምባቸው ድስቶች አሉ።»

ጎንበስ ብላ ከምድጃው በስተግራ ካለው ሁለት ድስት አወጣች። እጇ ሲሞላ መዝጊያውን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው።

«እማዬ! ቀለሙ ውስጡ ገና...»

ጠቅ።

ነጩ ላይ፣ በአሮጌው ስርጉድ ልክ፣ የቀሚሷ ጨርቅ ድርና ማግ ሳይቀር ታትሟል። ቀሚሷም ላይ ክብ ነጭ ምልክት ቀርቷል። አራሚዋ ብሩሹን ለማንሳት እጇን ዘረጋች። አነሳችውም። ወደ ማጠቢያው ወሰደችና ነጩ ከፀጉሩ እስኪወጣ ድረስ በቀለም ማስለቀቂያው በአኳራጅ አጠበችው።