ጉሮሮ ላይ የተደገፈ ዘንግ

…ይሄም ግንድ ነው፣ ዘንግ ብለው ሰየሙት እንጂ የመጥረጊያ እንጨት ነው፣ ይላል ስቴፖናስ፣ ወይም ያለ ይመስለዋል፣ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ እንጃ፣ ዘንጉን ለላይማ ይመልስላታል፣ የዓሣ ማጥመጃ ሱቁ ባለቤት እሷ ናት፣ ትቀበለዋለች፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፣ ሌላ ላውጣልዎት ጋሼ ስቴፖናስ? አውጪ፣ ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ። ከኋላው ዶናታስ ይተነፍሳል። ይሄን ትንፋሽ ስንት ዓመት ሰምቶታል፣ አንድ ጀልባ ላይ፣ በጉም፣ በዝናብ፣ ሲበላም ሲያንጎላጅም ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ነገር ሊፈልግህ ሲል ብቻ ነው ትንፋሹ የሚጠፋው።

አሁን ጠፍቷል።

አንተ ሰውዬ፣ ይላል ዶናታስ፣ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው? ሚስቴንማ በአንድ ምሽት ነው የመረጥኳት። እኮ፣ የተጎዳችው እሷ ናት። ላይማ ሳቋን ትውጣለች። ይሳቁ፣ ምን አለባቸው፣ ቅዳሜ ፓይክ የሚባለውን ዓሣ የማጥመድ እገዳ ይነሳል፣ ፓይኳ እንቁላሏን ጥላ ጨርሳ ርቧታል፣ ኔሙናስ ወንዝ ላይ ጀልባ በጀልባ ይሆናል፣ የዶናታስ ጀልባ አፍንጫ ላይ ደግሞ አንድ መቀመጫ አለች፣ ውሃው ቀድሞ የሚታይባት፣ የስቴፖናስ መቀመጫ፣ እስካሁን የስቴፖናስ። ባለፈው ሳምንት ዶናታስ ዳቦ እየቆረሰ፣ እንደ ቀልድ፣ ዘንግህ ነው ያረጀው ካልክ አዲስ ዘንግ እንግዛልህ፣ ዘንጉ ካልሆነ ግን የእህቴ ባል ሮማስ ቦታ ስጠኝ እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ አለው። ሮማስ! ትል እንኳ በመሀረብ የሚይዝ ሰው። ዘንጉ ነው፣ አለው ስቴፖናስ፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ ዘንጉ ነው።

ዘንጉ አይደለም።

በብረት ማባበያ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር፣ ብረቱን ወርውረህ መጎተት ነው፣ ፓይኳ ራሷ መጥታ ትሰካለች፣ ደደብም ያጠምዳል፣ ሮማስም ያጠምዳል። ዶናታስ ግን የላስቲክ ዓሣ ካልሆነ አይልም፣ ራሷ ከእርሳስ ብረት የሆነ ለስላሳ ላስቲክ፣ ከወንዙ ወለል ብድግ ታደርጋታለህ፣ ትወድቃለች፣ ስትወድቅ ነው ፓይኳ የምትወስዳት፣ ክሩ ላይ ጠቅ፣ አንዲት ጠቅ፣ ጥፍር ጠረጴዛ ሲነካ የምታህል፣ እሷን እጅህ ከሰማ ሳብክ፣ ያዝካት፣ ካልሰማ ፓይኳ ላስቲክ መሆኑን ቀምሳ ትተፋዋለች፣ አንተ ምንም እንዳልሆነ ተቀምጠሃል። ለዚህ ነው ዘንጉ ቀላልም ደረቅም መሆን ያለበት፣ ጫፉ የነካውን መዳፍህ ድረስ የሚያመጣ። መዳፍ ካለህ።

ቀኝ እጁን ያየዋል። እጅ ነው፣ አምስት ጣት ነው፣ ያው ነው፣ ወፍራም ጓንት አድርጎ የማያወልቀው ነው የሚመስለው። ከስኳር ሕመም ጋር ተያይዞ የሚከሰት የዳርቻ ነርቮች ጉዳት፣ አለች ሐኪሟ፣ ከወረቀት ላይ እንደምታነብ፣ ቀድሞ እግርን ከዚያም እጅን ያጠቃል። ይመለሳል ወይ? እንዳይብስ እንከታተላለን ጋሼ። እንከታተላለን አሉት! አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ድስት ሲያወርድ፣ ሚስቱ ቢሩቴ ከሳሎን፣ ምንድን ነው የሚሸተው አለች፣ ሽንኩርት ነው አላት፣ ጣቱ ነበር። የራሱ ሥጋ ሲቃጠል በአፍንጫው ነው ያወቀው። ሽንኩርት። ግራ እጁም እንደ ታናሽ ወንድም እየተከተለው ነው፣ የእግሩንማ ተወው።

ይሄን ይሞክሩት፣ ትላለች ላይማ፣ እንደ ላባ ነው። እንደ ላባ ነው አይደል፣ እሺ፣ ደንቡን እናድርስ። ደንቡ ይሄ ነው፣ አንዱ እጀታውን ይይዝና ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው የዘንጉን ጫፍ ጉሮሮው ላይ ደግፎ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል፣ ላይማ ጆሮ እንዳያጭበረብር ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች፣ ደህና ዘንግ የሆነ እንደሆነ የሰውየው ድምፅ በእንጨቱ ሽቅብ መጥቶ መዳፍህ ውስጥ ይንዘረዘራል። ይሄን ለዶናታስ ያስተማረው ማነው? ስቴፖናስ ነው። ድሮ በመዳፉ ብቻ ዶናታስ እየዘፈነ ይሁን እየተሳደበ ይለይ ነበር፣ ሰው ይሰበሰብ ነበር፣ ጠንቋይ ይሉት ነበር እኮ።

አሁን ጠንቋዩ ቆጥሮ ነው የሚናገረው። ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይጠብቃል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ግንድ ነው ይላል። የመጀመሪያውን ግንድ አለው፣ ሁለተኛውን እርጥብ አለው፣ ሦስተኛውን ጫፉ የሰከረ ነው አለው፣ ላይማም ዶናታስም ይቀበላሉ፣ ይሄ ሁሉ ስድብ ዘንግ ላይ፣ ዘንጎቹ ምን በደሉ፣ ምናልባት ሁሉም ይዘምራሉ፣ ምናልባት ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው ዘንግ ቅድም በእጁ አልፎ ሄዷል። ግን ሁሉንም መስደብ አይቻልም፣ አንዱን መውደድ አለበት፣ የቱን? የላይማን ዓይን ይሰርቃል። ላባ ያለችውን። ስታወጣው እጇ ቀስ ብሏል፣ እሱ ነው፣ እሱን ነው የምትወደው፣ እሷ ከወደደችው ጥሩ ነው።

ያዝ እንግዲህ፣ ይላል ዶናታስ፣ ጨፍን። ይጨፍናል። ሬዲዮኑ ይጮሃል፣ የሠርግ ሙዚቃ ነው፣ አኮርዲዮን፣ ማን ነው በዚህ ሰዓት የሚያገባው። እጀታው ቡሽ ነው፣ ቡሽ መሆኑን ስላየው ነው የሚያውቀው። ና እንጂ፣ ይለዋል ለእጁ፣ አንዴ ብቻ፣ ለቅዳሜ ብቻ፣ ስንት ዓመት አብልቼሃለሁ። ምንም። ከግድግዳ ጋር እንደማውራት ነው። ትንፋሽ። ረጅም። አሁን ፈገግ በል፣ ቶሎ አይደለም፣ ቀስ ብሎ እንደ ገባው ሰው፣ ጎሽ። ይሄ ነው፣ ይላል፣ አቤት፣ ይሄማ ይዘምራል፣ ክርን ድረስ ነው የመጣው።

ዓይኑን ይገልጣል። ዶናታስ የዘንጉን ጫፍ ጉሮሮው ላይ እንደደገፈ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም፣ ላይማ ዞራ የላስቲክ ዓሣ ከረጢቶች ታስተካክላለች፣ የተስተካከሉትን።

ምን እያልኩ ነበር? ይለዋል ዶናታስ ሙዚቃው ላይ እየጮኸ።

እየዘፈንክ ነበር።

ዝም ብዬ ነበር።

ምን ይባላል አሁን፣ ሬዲዮኑ ነው ይባላል? አኮርዲዮኑ በመስታወቱ፣ በወለሉ፣ በጫማዬ ገብቶ፣ አያስኬድም፣ ፊቱ ይግላል፣ ፊቱ ደህና አድርጎ ይሰማዋል፣ ለውርደት ሲሆን ነርቭ ሞልቷል። ወጥመድ ነው፣ ይላል፣ አጠመድከኝ፣ እንደ ዓሣ አጠመድከኝ፣ ሴት ፊት። አዎ አጠመድኩህ፣ ይላል ዶናታስ፣ ከመስከረም ጀምሮ እያጠመድኩህ ነው፣ ድልድዩ ሥር ክርህ ውሃው ላይ ወደ ጎን ሲሄድ፣ ፓይኳ ላስቲክህን ይዛልህ ሽርሽር ስትሄድ፣ አንተ ስለ ቲማቲምህ ታወራልኛለህ፣ ቅጠሉን ትል በላው ትለኛለህ፣ እኔ ክሩን አያለሁ፣ አንተን አያለሁ፣ አልነገርኩህም። ለምን አልነገርክም? አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ! ብርዱን ሙሉ ጠበቅኩህ፣ ትመጣለህ፣ ሻይ ትጠጣለህ፣ ዘንጌ አረጀ ትላለህ፣ ትሄዳለህ።

እና ሮማስ? ይላል ስቴፖናስ፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይጠላዋል ይሄን ድምፅ። መቀመጫዬን ለሮማስ ልትሰጥ አይደል፣ ተናገር እንጂ፣ ጨርሰው። ሮማስ ዓሣ መች ይወዳል፣ ይላል ዶናታስ፣ እህቴን ሽሽት ነው፣ ስሙን የጠራሁት አንተ ተናደህ እንድትናገር ነበር። አልተናገርክም። የዘንግ መዓት ሰድበህ አንዲት ቃል ለኔ መንገር አቃተህ።

አቃተው፣ አዎ አቃተው፣ እንዴት ብሎ ይናገራል፣ እጄ ሞተ ይባላል? ሰው ስለ እጁ እንደዚህ ይላል? ቢሩቴ እንኳ ማታ እጇን እጁ ላይ ስታደርግ እያየ ነው የሚያውቀው፣ መብራት ከጠፋ አያውቅም፣ አድርጋ እንደሆነ፣ ትታ እንደሆነ፣ እሷም አትጠይቅም፣ እሱም አይነግራትም፣ ይሄን ለማን ይነግሩታል፣ ለዶናታስ? ለዚህ ትንፋሻም? ይነግረው ነበር፣ ይነግረዋል፣ አሁን አፉን ከከፈተ ቃል ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚወጣው፣ እዚህ ሱቅ መሀል፣ የሠርግ ሙዚቃ እየተዘፈነ፣ አፉን ሊያፍን ቀኝ እጁን ያነሳል። እጁ ዘንጉን እንደያዘ ረስቶታል። ያልሰማ እጅ ምን እንደያዘ በምን ያውቃል። የቡሹ መጨረሻ መንጋጋውን ይመታዋል፣ እዚያው ተደግፎ ይቀራል።

ጫፉ አሁንም ዶናታስ ጉሮሮ ላይ ነው። ዶናታስ መጮሁን ትቷል፣ ወለሉን እያየ ለራሱ ያጉተመትማል፣ ከንፈሩ እንኳ በደንብ አይላወስም፣ ሬዲዮኑ ይጮሃል፣ በጆሮ ምንም አይሰማም።

ጥርሱ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ይንዘረዘራል። እዚያ፣ መንጋጋው አጥንት ላይ፣ መጀመሪያ ንብ የገባበት ይመስለዋል፣ ቆይቶ ንቡ ቃል ይሆናል፣ ወፍራም፣ ሻካራ፣ የዶናታስ የራሱ ድምፅ፣ ውሸታም ይላል፣ አንተ ውሸታም፣ ውሸታም።

ስቴፖናስ አይንቀሳቀስም፣ ዘንጉ ከመንጋጋው እንዳይንሸራተት ነው የሚፈራው።

ሰማሁ፣ ይላል። ድገመው።