ቧንቧ ሃርግሬቭ የገባ ሰሞን

እኔ ቧንቧን የምጠላው ያለምክንያት አይደለም። ቧንቧ ከመምጣቱ በፊት የሃርግሬቭ ውሃ እኔ ነበርኩ። ሰው ከሩቅ ሲያየኝ «ክሌም መጣ» አይልም፣ «ውሃ መጣ» ነው የሚለው። ወንዙ ሲረጋ በረዶውን በመጥረቢያ እበሳና በርሜሎቼን ሞልቼ፣ ጁኖ የምትባለው ፈረሴ እየጎተተች፣ እኔ እያፏጨሁ፣ ከጓዳ በር ጓዳ በር እንዞራለን። የከተማውን ሚስጥር የሚያውቀው ቄሱ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ቄሱ በፊት በር ነው የሚገባው።

ከሁሉም ጓዳ የምወደው የወይዘሮ ሃውገንን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንግዳ ማረፊያ ከፍታ ከልጇ ከራግና ጋር ትሠራለች። እዚያ ቤት ውሃውን ገልብጬ ስጨርስ ምድጃው አጠገብ ያለችው ወንበር የኔ ናት። ትኩስ ሻይና ቅቤና ስኳር የተቀባ የድንች ቂጣ ይቀርብልኛል። ራግና ደሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትሰድበኛለች።

«አንተ በርሜል፣ በረዶውን ከጫማህ ሳታራግፍ ነው የገባኸው?»

«ላንቺ ብዬ ነው፣ ውሃ እንዳያጥርሽ።»

እንደዚህ ነበር የምንኖረው። አንድ ቀን የሆነ ነገር እላታለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ቂጣ በላሁ።

አሁን ስለ ከተማችን ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልግባ። አባቴ ሲመጣ ሃርግሬቭ ድንኳንና ባቡር ውሃ የሚጠጣበት ጋን ብቻ ነበረች። ቀጥሎ የእህል ጎተራ ቆመ። ቀጥሎ የሴቶቹ ቀሚስ ጭቃ እንዳይነካው ከሳንቃ የተሠራ የእግር መንገድ ተዘረጋ፣ ከዚያ ባንክ መጣ፣ ከዚያ ባንኩን የሚያናድድ ሌላ ባንክ መጣ። ባለፈው ዓመት «ከተማ ሆናችኋል» የሚል ወረቀት ሲደርሰን ከንቲባ ኦግልቢ ወረቀቱን መስታወት ውስጥ አስገብቶ ሰቀለው። ሰው እየገባ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የሚያየው፣ ሬሳ ያለ ይመስል።

ግን ከተማችን አንድ በሽታ አለባት። ፔልሃም ትባላለች። ፔልሃም ጎረቤታችን ናት፣ ወንዙን ተከትለህ ወደ ታች ስትሄድ ታገኛታለህ። የመብራት ኃይል ከኛ ቀድማ ያስገባች ዕለት ከንቲባችን ምሳ አልበላም አሉ። የኛን ሰው ፔልሃም ያለው ነገር ሁሉ ያንገበግበዋል። ፔልሃም ወረርሽኝ ገባ ቢባል «የኛ ይብሳል» ብሎ የሚከራከር ሕዝብ ነው።

እና ፔልሃሞች ለውሃ ቧንቧ ቦይ መቆፈር ጀመሩ የሚል ወሬ ተሰማ። ከንቲባው ምክር ቤቱን ሰብስቦ ጠረጴዛ ደበደበ። «በሚያዝያ ይከፈታል ያልነው በጥር ይከፈት!» አለ። ጥር ማለት እኛ ጋ ምራቅህ መሬት ሳይደርስ በረዶ የሚሆንበት ወር ነው። ማን ይናገረው!

ሥራውን የሚያፋጥን የቧንቧ ሠራተኛ ከባሕር ማዶ አስመጡ። ሴድሪክ ይባላል። ረዥም፣ ጢሙን በሰም ያሾለ፣ ሲያወራ ቃሉን እንደ እንቁላል የሚያስቀምጥ ሰውዬ። የት አረፈ? ወይዘሮ ሃውገን ቤት! የት ተቀመጠ? እኔ ወንበር ላይ!

«ውድ ወይዘሮ ሃውገን፣ ይህ ቂጣ የተባረከ ነው» ይላል።

የተባረከ! እኔ ሁለት ዓመት ስበላ «ይጣፍጣል» እንኳ ብዬ አላውቅም። ራግና ትስቃለች። እናትየዋም ትስቃለች። እኔ በሩ ሥር ባልዲ ይዤ ቆሜአለሁ።

የመክፈቻው ቀን የከተማው ሰው ሁሉ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ተሰበሰበ። የእሳት አደጋ ሰዎች ውሃውን በጎማ ከጣሪያው በላይ እንዲተኩሱ ታስቦ ነበር፣ ኃይሉ እንዲታይ። ከንቲባው ረዥም ንግግር አደረገ፣ ፔልሃምን ስሟን ሳይጠራ ሰደባት፣ ከዚያ ሴድሪክ መዘውሩን አዞረ። ውሃው ወጣ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ያምር ነበር። ወጣና ከላይ ነፋስ መታው፣ ተመልሶ ማርሽ ባንዱ ላይ ወረደ። ጡሩምባው በረዶ ሆነ፣ የነፊው ከንፈር ተጣብቆበት ቀረ። ሙቅ ውሃ ሲያፈሱለት ሕዝቡ እያጨበጨበ «ፔልሃም ይሄን ባየች!» ይላል።

በማግስቱ ጓዳ በሩን ሳንኳኳ ራግና ከፈተችልኝ።

«በርሜሉ፣ ና ተአምር እይ።»

ቧንቧው ግድግዳው ላይ ተተክሏል። ከንፈሩ ላይ ጠብ… ጠብ… ይላል።

«ይሄማ ተበላሽቷል» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«አልተበላሸም» አለ ሴድሪክ ከወንበሬ ላይ ሳይነሳ። «ብርዱ እስኪያልፍ እንዲህ እየተንጠባጠበ ማደር አለበት። የሚንቀሳቀስ ውሃ አይረጋም። ማንም እንዳይዘጋው።»

«ከዛሬ ወዲያ በረዶ ስትሰብር አትውልም፣ ልጄ» አለች ወይዘሮ ሃውገን። በአዘኔታ ነው ያለችው፣ እኔ ግን «ከዛሬ ወዲያ አትምጣ» ብዬ ሰማሁት። ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤት ለውሃው መግባት ጭፈራ አለ። ራግናን ልጠይቃት ነበር የመጣሁት። አፌን ስከፍት ሴድሪክ «ምን ዓይነት ክራባት ይሻላል?» ብሎ ጠየቃት። እሷን! ስለ ክራባት!

ራግና ሻይ ልታመጣ ዞር አለች፣ ሴድሪክና ወይዘሮዋ ምድር ቤቱን ሊያዩ ወረዱ። እጄ ራሱ ነው የሄደው። ቧንቧውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና እያፏጨሁ ወጣሁ።

ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ ራግና መንገድ ድረስ ወጥታ ጠራችኝ። «ክሌም! ውሃ አምጣ! ቧንቧው ደረቀ!» ክሌም አለችኝ፣ በርሜሉ አላለችኝም። ጁኖን እንዴት እንዳስጋለብኳት! ድል አደረግሁ፣ ቧንቧ ሞተ፣ ወንበሬ ተመለሰች ብዬ ገባሁ።

ሴድሪክ ወለሉን ነቅሎ በሆዱ ተኝቶ ቧንቧውን በሙቅ ጨርቅ እየጠቀለለ ነው። ወይዘሮ ሃውገን ጎኑ ተንበርክካ ጨርቅ ታቀብለዋለች። ራግና ሻይ ታፈላለታለች።

«ጎበዝ፣ ውሃ አምጣልኝ» አለኝ ከሥር። «የምታመጣው ሁሉ ይፈላል፣ ይፈለጋል።»

ገባችሁ? ሰውዬውን ላባርረው ዘጋሁ፣ እሱ ጭራሽ ጓዳው ውስጥ ተኛበት። እኔ ደሞ ከወንዝ እየቀዳሁ ጨርቁን አሞቅለታለሁ። እስከ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። በመጣሁ ቁጥር አንድ ሰው እያጎረሰው አገኘዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የረጋው ውሃ ለቀቀ። ለካ በረዶው ቧንቧውን ሰንጥቆት ኖሯል፣ ፍንድት ሲል ሴድሪክን ከጢሙ እስከ ካልሲው አጠበው። የተሰነጠቀውን ቀይሮ ሲነሳ የጭፈራ ሱሪው በረዶ ሆኖ ራሱን ችሎ ይቆማል። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ባልዲ ውስጥ ገባሁ።

ሳቄ አልቆየም። ወይዘሮ ሃውገን ሳጥን ከፍታ የሟች ባሏን የሱፍ ካፖርት አወጣችና ራሷ አለበሰችው፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ያንን ካፖርት እኔ አንዴ ብነካው «እጅህን!» ብላኛለች።

«እሱ እንዲህ ሆኖ ለጭፈራ አይወጣም» አለች ራግና። «ክሌም፣ አንተ ትወስደኛለህ?»

ደስታዬን ተውት። ግን ማዘጋጃ ቤት ገብተን እየጨፈርን ሐሳቤ ሁሉ ያ ወንበር ላይ ነው። ካፖርቱን ለብሶ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ቂጣዬን እየበላ…

«እግሬን ረገጥከኝ» አለች ራግና። «ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ፊትህ ግን ፔልሃም የሄደ ከንቲባ መስሏል።»

«ከሱ ጋር መምጣት ፈልገሽ ነበር፣ አይደል? ከባለ ክራባቱ?»

ቆመች። ከዚያ ሳቀች፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር።

«አንተ ደደብ! ሰውዬው የሚፈልገው እናቴን ነው! ፀጉሯን በየጠዋቱ የምትጠቀልለው ለፈረስህ መሰለህ?»

ጡሩምባው እኔን የመታኝ መሰለኝ። «ክራባቱስ?»

«እናቴ የምትወደውን ቀለም እየጠየቀኝ ነበራ! ደሞ ቧንቧውን ስትዘጋ አይቼሃለሁ። የሻይ ጀበናው ላይ ምስልህ ይታያል።»

«አይተሽ… ለምን ዝም አልሽ?»

«ሥራው አልቆ ነበር። በማግስቱ በባቡር ሊሄድ ነበር፣ ፔልሃሞች ቀጥረውታል። እናቴ እህል መቅመስ ትታ ነበር፣ እሱ ደሞ አፍሮ አይናገር። የሚያስቀረው ነገር ስፈልግ አንተ መጣህልኝ።»

እንግዲህ አስቡት። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ብውል ኖሮ ሰውዬው በራሱ ጊዜ ይሄድልኝ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ከንቲባው ይሄን ቢሰማ፣ ፔልሃምን የቧንቧ ሠራተኛ ስላሳጣሁ ሐውልት ያቆምልኝ ነበር።

ስንመለስ ሴድሪክ ወንበሬ ላይ ነው፣ የወይዘሮ ሃውገን እጅ እጁ ውስጥ። ሊጋቡ ነው፣ ፔልሃምም ቀርቷል። ቧንቧው ግድግዳው ላይ ጠብ… ጠብ… ይላል። ራግና በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ።

«በል፣ እኔን እንዲሰጥህ ጠይቀው። ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው።»

እሱን? ይሄን ጢም? ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «ጌታው… ራግናን… ማለቴ እርሶ ከፈቀዱ…»

ሴድሪክ ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቂጣውን ገምጦ አላመጠ፣ ዋጠ። የኔን ቂጣ።

«እፈቅድ ይሆናል» አለ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ፣ ልጄ። ቧንቧውን ማን ዘጋው?»

ራግና ጣሪያውን ማየት ጀመረች።