ከቀዩ ባንዲራ ወዲያ

ግላፊራ ፕሮኮሮቭና ለላቦራቶሪ ናሙና በወር አንዴ በረዶ ትዝቃለች፤ ከወደቡ አጠገብ፣ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ፣ በመጨረሻም ከሰፈሩ ርቃ ከኮረብታው አናት። ወደቡ የሚበትነው የድንጋይ ከሰል ብናኝ ኮረብታው ላይ አይደርስም፤ የሌላው በረዶ እድፍ የሚታወቀው ከዚያ ጋር ሲተያይ ነው። ሥራው የአንድ ሰው ነው። ባሏ ከሞተ፣ ጎረቤቶቿም ወደ ደቡብ ከሄዱ ወዲህ ኑሮዋም የአንድ ሰው ሆኗል።

ኮረብታው ላይ የአዳኞች ጎጆ አለ። በዚያ አገር ጎጆ ገብቶ የሞቀ ሰው ለሚቀጥለው ደረቅ እንጨትና ክብሪት ሳያስቀምጥ አይወጣም፤ ይህን የረሳ ነውረኛ ነው። ባሕሩ መርጋት ከጀመረ ወዲህ ግን ግላፊራ ከእንጨት በላይ ታገኝ ጀመር፤ ምድጃው እየነደደ ይቆያታል። እጇን ቆፈን ይዟት ስትገባ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። «መንገደኛ ነው» ትልና እሷም በተራዋ ባሕር የተፋውን እንጨት ፈልጣ፣ አሳምራ ትከምርለታለች። ለማታውቀው ሰው እንጨት ስትፈልጥ ብቸኝነቷ ይቀልላት ነበር።

አንድ ቀን ከከተማው ላቦራቶሪ ተደወለላት።

«የኮረብታው በረዶ ጥላሸት አለበት» አሏት ኃላፊው። «ከትምህርት ቤቱ በረዶ አይለይም። እንዲህ ከሆነ ወደቡን ከሰልህን ሸፍን የሚለው የለም።»

ጥላሸቱ ከጎጆው ምድጃ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ትንሽ ምድጃ ናት ብላ ንቃት ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሲስሉ እየሰማች እሳት ስትሞቅ መክረሟ አሳፈራት።

በሚቀጥለው ወር ማልዳ ወጣች። አንድ ሽማግሌ ተንበርክኮ ምድጃውን እፍ ይላል።

«በሩን ይዝጉት እንጂ፣ ድብ ልናሞቅ ነው?» አላት።

ዴሚያን ይባላል፤ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ብቻውን የሚኖር ቀበሮ አጥማጅ ነው።

«መንገድዎ በዚህ ነው?»

«ምን ልሠራ? ወጥመዴ በወዲያ በኩል ነው።»

«ታዲያ?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ዴሚያን ግን ምንም ሳይቀምስ አወጣው። «አንድ ቀን እጅዎን ብብትዎ ከተው ሲንቀጠቀጡ አየሁዎት። ከዚያ ወዲህ ቀንዎን እየጠበቅሁ አነድዳለሁ።»

«ቁጭ ብለው ቢጠብቁኝስ?»

«ይህን ፊት ይዤ? ቀበሮ እንኳ ሲያየኝ ይሸሻል።»

ሳቀች። ሳቋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ከዚያ እያመማት ስለ ጥላሸቱና ስለ ልጆቹ ነገረችው። ዴሚያን በረዶ በአካፋ አምጥቶ እሳቱን አጠፋው።

«የምመጣበት የበረዶ ሞተሬስ?»

«እሱም ያጨሳል።»

«እንግዲያ እድፉ እኔው ነኛ» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

እሳቱ ይቅር፣ እርስዎ ግን ይምጡ ልትለው ፈልጋ ነበር። ግን «ከኮረብታው ግርጌ ቀይ ባንዲራ እተክላለሁ፤ ከዚያ ማንም አይለፍ» አለች እንደ መሥሪያ ቤት ሰው፤ ድምፅዋንም ጠላችው።

በወሩ ስትመለስ ምድጃው ቀዝቅዞ ቆያት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ጥቂት ተቀመጠችና ባንዲራውን ልታይ በሰላጤው በኩል ወረደች። የበረዶ መንሸራተቻ ዱካ ከማዶ ድረስ መጥቷል፤ ዴሚያን ሞተሩን ትቶ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ተንሸራትቷል። ባንዲራው ሥር በረዶው ተረጋግጦ ጠጥሯል፤ ሰው ብዙ ቆሞበታል። ከዚያ ዱካው ወደ መጣበት ተመልሷል። ባንዲራውን አንድ እርምጃ እንኳ አላለፈም። ከሥሩ በገመድ የታሰረ ደረቅ እንጨትና ክብሪት አስቀምጧል።

ግላፊራ የማትለኩሰውን እንጨት ደረቷ ላይ አቅፋ ዱካው እስኪጠፋባት ድረስ አየች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ በረዶዋን ዛቀች። ንጹሕ ነበር።